ስክሪኑ ያላረጀ ኮምፒውተር

የኮምፒውተር ትምህርት፣ በተለይ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል



በትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ተቀምጠዋል። አምስቱም በተለምዶ ኦል-ኢን-ዋን የሚባሉት ናቸው። ሳጥኑ ለብቻው፣ ስክሪኑ ለብቻው አይደለም፤ ማዘርቦርዱም፣ ሃርድ ዲስኩም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ፓወር ሰፕላዩም ከስክሪኑ ጀርባ ተጠቅጥቀው የሚኖሩባቸው ናቸው። ሁለቱ ከፈረንሳይ በስጦታ የመጡ የአፕል አይማኮች ሲሆኑ ሦስቱ በዱባይ በኩል እዚህ ጅቡቲ የደረሱ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ናቸው። የወላጅ ኮሚቴው ዘንድሮ ቀጥተኛ ጥያቄ አቀረበልን፦ ለኮምፒውተር ክፍሉ ትልልቅ ሞኒተሮች ይገዙ ወይስ እነዚህን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ እንደ ሞኒተር መጠቀም ይቻላል? ካልተቻለስ ለምን ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ?

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ቢሆን ኖሮ በአንድ መስመር ደብዳቤ ይበቃ ነበር። ነገር ግን አምስቱ ኮምፒውተሮች አምስት የተለያየ መልስ አላቸው፤ ምክንያቱን ለመረዳት ደግሞ በሒሳብና በፊዚክስ ክፍል የተማራችሁት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለተማሪዎችም እንዲሆን አድርጌ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ ትልቅ ስክሪን ለምን እንደሚያስፈልገን ልናገር። ላፕቶፖቻችን 15.6 ኢንች ናቸው። በእነዚህ ላይ አማርኛ ሲጻፍ «ሱ»ን ከ«ሲ» የምትለየው ትንሽ ጭረት ከመካከል ትውጣ ከታች ትውጣ ለማየት አንዳንድ ልጆች አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ይጠጋሉ። «ጸ» እና «ጰ» ሲሆኑማ ጭራሽ። የዓይን ችግር ያለባቸው ልጆች መነጽር እስኪያገኙ ድረስ ትምህርቱ አይጠብቃቸውም። ትልቅ ስክሪን ሐኪም አይተካም፤ ግን ፊደሉን ያተልቃል። ምን ያህል? የስክሪን መጠን የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ነው። ቅርጻቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ስክሪኖች የስፋታቸው ንጽጽር የሰያፋቸው ንጽጽር ስኩዌር ነው። 27 ለ15.6 ሲካፈል 1.73 ይሆናል፤ ይህ በራሱ ሲባዛ 3 ገደማ ነው። ስለዚህ 27 ኢንች ስክሪን የላፕቶፓችንን ስክሪን ሦስት እጥፍ ያህል ስፋት አለው። ቁጥሩን ሲያዩት እጥፍ እንኳ አይመስልም፤ ብዙ ሰው ሱቅ ሄዶ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተር ያረጃል የምንለው በአብዛኛው ፕሮግራሞቹ እየከበዱ ስለሚሄዱ ነው። የዛሬ ዐሥራ አምስት ዓመት ፈጣን የነበረ ፕሮሰሰር ዛሬ አንድ የኢንተርኔት ገጽ ለመክፈት ያቃስታል። አንዳንዴ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሳይደክም ሠሪው ይተወዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ ደህና ኮምፒውተሮች መንገድ ላይ ቀርተዋል። የስክሪን ሥራ ግን አልተለወጠም። እያንዳንዱን ነጥብ በታዘዘው ቀለም ማብራት ነው፤ በ2010 እንዲሁ ነበር፣ ዛሬም እንዲሁ ነው። ሳጥንና ሞኒተር ተለያይተው የሚሸጡበት ኮምፒውተር ሲያረጅ ሳጥኑን ትጥላላችሁ፣ ሞኒተሩን ታስቀራላችሁ። ኦል-ኢን-ዋን ላይ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ስለተሰፉ ደህናው ከደከመው ጋር አብሮ ይጣላል። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሏል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ወደ ጥቅም መመለሱ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

ታዲያ ገመድ ሰክቶ መጠቀም ነዋ! የሚል ተማሪ አይጠፋም። የመጀመሪያው እንቅፋት እዚህ ነው። አብዛኛው የኮምፒውተር የምስል ቀዳዳ አንድ አቅጣጫ ያለው መንገድ ነው። በላፕቶፓችሁ ጎን ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ምስል ያወጣል እንጂ አያስገባም። ሁለት ላፕቶፖችን በኤችዲኤምአይ ገመድ ብታገናኙ ሁለት ሰዎች ስልክ አንስተው ሁለቱም እያወሩ አንዳቸውም እንደማይሰሙት ይሆናል። ቴሌቪዥን ላይ የሚሠራው የቴሌቪዥኑ ቀዳዳ ተቀባይ ስለሆነ ነው። ከኦል-ኢን-ዋኖች መካከል ግን አንዳንድ የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ሞዴሎች ሠሪዎቹ አስበውበት ተቀባይ ቀዳዳ ጨምረውላቸዋል። የሚታወቀው ከቀዳዳው አጠገብ ባለው ጽሑፍ ነው፤ «ኢን» ካለ ይቀበላል፣ «አውት» ካለ ያወጣል፣ ምንም ካላለ ያወጣል ብላችሁ ገምቱ።

ከዱባይ ከመጡት ሦስቱ አንዱ ይህ ቀዳዳ አለው። ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለም፤ ገመዱ ተሰክቶ፣ ከጎኑ ያለው የምንጭ መምረጫ ቁልፍ ተጭኖ የላፕቶፑ ምስል ወጣ። የወላጅ ኮሚቴው ለእርሱ ምንም ወጪ የለበትም። ትምህርቱ ያለው በሌሎቹ አራት ላይ ነው።

ወደ አይማኮቹ እንሂድ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ የመጀመሪያውን 27 ኢንች አይማክ ሲያወጣ ታርጌት ዲስፕሌይ ሞድ የሚባል ነገር ጨመረበት። ኮምፒውተሩ በትእዛዝ የራሱን ምስል ትቶ በገመድ የሚመጣለትን የሌላ ኮምፒውተር ምስል እንዲያሳይ የሚያደርግ ነው። የእኛ ትልቁ አይማክ የ2010 ሞዴል ነው። በእነዚህ በ2009ና በ2010 ሞዴሎች ላይ ነገሩ የሚሠራው 27 ኢንቹ ላይ ብቻ ሲሆን መግቢያው ሚኒ ዲስፕሌይፖርት የሚባለው ትንሽ ቀዳዳ ነው። ከ2011 እስከ 2014 አጋማሽ የወጡት 21.5 ኢንቾቹም ጭምር ይሠራሉ፤ ሆኖም ቀዳዳው ተንደርቦልት ስለሆነ ምስሉን የሚልከው ኮምፒውተርም ተንደርቦልት ሊኖረው ግድ ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች በመልክ ፍጹም አንድ ናቸው! የሚለዩት ከአጠገባቸው ባለው ምልክት ነው፤ ተንደርቦልቱ የመብረቅ ምልክት አለው። የሞዴሉን ዓመት ለማወቅ ከስክሪኑ በላይኛው ግራ ጥግ ያለውን የፖም ምልክት ተጭኖ የመጀመሪያውን መስመር መምረጥ ነው።

አሠራሩ ይኸው ነው። ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ታበራላችሁ። አይማኩ ላይ በተጠቃሚ ስም ትገባላችሁ፤ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ላይ ቆሞ ከሆነ አይሠራም። ገመዱን ትሰካላችሁ። ከዚያ በአይማኩ ኪቦርድ ላይ ኮማንድና ኤፍ2ን አንድ ላይ ትጫናላችሁ፤ አንዳንዱ ኪቦርድ ላይ ኤፍኤን የሚለውንም መጨመር ያስፈልጋል። ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና የላፕቶፑ ምስል ይመጣል። ያንኑ ቁልፍ ደግማችሁ ስትጫኑ አይማኩ ወደ ራሱ ይመለሳል። ኪቦርዱ የአፕል ቢሆን ይመረጣል፤ አንዳንድ የሌላ ኩባንያ ኪቦርዶች ትእዛዙን አያስተላልፉም። የእኛው ከፈረንሳይ የመጣ ስለሆነ የፊደሎቹ አቀማመጥ ይለያል፣ የላይኛው የኤፍ ረድፍ ግን ያው ነው። የአይማኩ ካሜራና የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ለላፕቶፑ አያገለግሉም፤ የምታገኙት ስክሪኑን ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አፕል እንደሚለው ስክሪን የሚሆነው አይማክ ውስጥ ያለው ሲስተም ሃይ ሲየራ ወይም ከዚያ በፊት የነበረ መሆን አለበት፤ የሚልከው ማክ ደግሞ ከ2019 ወዲህ ያልመጣና ሲስተሙ ካታሊና ወይም ከዚያ በፊት የሆነ። አንድ ደግ ሰው «አሻሽዬ ልስጣችሁ» ብሎ አዲስ ሲስተም ቢጭንበት ይህን ችሎታ ያጠፋዋል። ሃይ ሲየራ የወጣው በ2017 ነው፤ ዛሬ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም። ስለዚህ አይማኩን ከዋይፋይ አውጡት። ለስክሪንነት ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?

ሁለተኛ፣ የገመዱ አቅጣጫ። የእኛ ላፕቶፖች ኤችዲኤምአይ ነው የሚያወጡት፤ አይማኩ የሚቀበለው ሚኒ ዲስፕሌይፖርት ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ገመድ ከሚኒ ዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ነው፤ ይህን ገልብጦ መጠቀም አይቻልም። ጫፎቹ ቀዳዳዎቹን ልክክ ብለው ይገጥማሉ፣ ምስል ግን አይመጣም። የሚያስፈልገው ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት የሚቀይር፣ በውስጡ ቺፕ ያለውና ብዙውን ጊዜ ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ መቀየሪያ ነው። ሱቅ ስትገቡ «የሚገጥም» አትበሉ፤ «ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ» በሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የወጣው ባለ አምስት ኬ ስክሪን አይማክ ከሁሉም የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ታርጌት ዲስፕሌይ ሞድ የለውም። ለምን ይመስላችኋል? ብዙ ሰው «አዲስ እንድንገዛ ነው» ይላል። ያ ሐሜት እውነት ሊኖርበትም ላይኖርበትም ይችላል፤ ሒሳቡ ግን ከሐሜቱ በፊት ይመጣል።

የ2010ሩ አይማክ በወርድ 2560፣ በቁመት 1440 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት። ሲባዛ 3,686,400 ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ 8 ቢት፣ በድምሩ 24 ቢት ይፈልጋል። ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። 3,686,400 × 24 × 60 ሲሰላ 5,308,416,000 ይሆናል፤ በሴኮንድ 5.3 ቢሊዮን ቢት ገደማ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ዲስፕሌይፖርት 1.1 በሴኮንድ 8.64 ቢሊዮን ቢት ያሳልፍ ነበር፤ ስለዚህ ምስሉ ቦታ ተርፎት ያልፋል።

ባለ አምስት ኬው 5120 በ2880 ነው። ወርዱም እጥፍ፣ ቁመቱም እጥፍ፣ ስለዚህ ፒክስሉ አራት እጥፍ፦ 14,745,600። በ24ና በ60 ሲባዛ በሴኮንድ 21.2 ቢሊዮን ቢት። በዚያው ጊዜ የነበረው ዲስፕሌይፖርት 1.2 የሚያሳልፈው 17.28 ቢሊዮን ነው፤ ተንደርቦልት 2 ደግሞ 20 ቢሊዮን። አልገባም። የምሰሶ ግንድ በጠባብ በር እንደማስገባት ነው። ኮምፒውተሩ ለራሱ ስክሪን ምስሉን የሚልከው አፕል በሠራው የውስጥ መቆጣጠሪያ በኩል እንጂ ከውጭ ባለው ቀዳዳ አይደለም። ስለዚህ አንድ ዘመድ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ «አሮጌ አይማክ ልላክላችሁ፣ ስክሪን ይሁናችሁ» ቢላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ይሁን። እዚህ ላይ አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ነገር በኮምፒውተር ዓለም ብዙ አይገኝም።

ሁለተኛው አይማካችን የ2012 መጨረሻ 21.5 ኢንች ነው። በሕጉ ስክሪን መሆን ይችላል፤ ነገር ግን በትምህርት ቤታችን ተንደርቦልት ያለው አንድም ላፕቶፕ የለም። ተንደርቦልት ያለው ላፕቶፕ ገዝቶ ለአሮጌ ስክሪን ማገልገል ለኮርቻው ሲባል በቅሎ እንደመግዛት ነው። ሆኖም ይህ ኮምፒውተር የዩኤስቢ 3 ቀዳዳዎች ስላሉት ሳይከፈት፣ ከውጭ በተሰካ ፈጣን ዲስክ ላይ ሊኑክስ ተጭኖበት ራሱን ችሎ ይሠራል። የእኔ ሐሳብ ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጥ የሚል ነው። እዚህ ላይ ለወላጆችም የምለው አለ፦ አሮጌ ኮምፒውተራችሁን ስክሪን ለማድረግ ከማሰባችሁ በፊት ኮምፒውተርነቱ በእርግጥ ማለቁን እዩ። ልጁ የሚጽፍበት አንድ ራሱን የቻለ ማሽን ለአንድ ቤት ከሁለተኛ ስክሪን ይበልጣል።

አራተኛው ኮምፒውተር በደንብ የሚሠራ፣ ነገር ግን ተቀባይ ቀዳዳ የሌለው የዊንዶውስ ኦል-ኢን-ዋን ነው። አብዛኞቻችሁ ቤት ያለው እንዲህ ያለው ሳይሆን አይቀርም። ለእርሱ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው በዋይፋይ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንድ የዊንዶውስ 10 ኮምፒውተር የሌላውን ምስል እንዲቀበል አድርጓል፤ ሚራካስት በሚባለው ዘዴ። ዛሬ ይህ ክፍል ከሴቲንግ ውስጥ «ዋየርለስ ዲስፕሌይ» በሚል ስም ተፈልጎ የሚጨመር ነው። ከዚያ በላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ኬን ተጭኖ ኦል-ኢን-ዋኑን መምረጥ፣ ቀጥሎ የዊንዶውስ ቁልፍና ፒን ተጭኖ «ኤክስቴንድ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ሁለቱ ስክሪኖች እንደ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ይሆናሉ። የሁለቱም የዋይፋይ ካርዶች ሚራካስትን መደገፍ አለባቸው። ወጪ የለውም። ጉድለቱ ምስሉ ተጨምቆ በአየር ስለሚመጣ ጥቂት መዘግየቱ ነው፤ አይጡን ስታንቀሳቅሱ ቀስቱ ከእጃችሁ ኋላ ይከተላል። ለማንበብ ምንም አይደል፤ ለጨዋታ ግን አትሞክሩት፣ ትበሳጫላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ ካፕቸር ካርድ የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። በአንድ በኩል ኤችዲኤምአይ ይቀበላል፣ በሌላ በኩል ዩኤስቢ ነው። ላፕቶፑ ሞኒተር የተሰካበት ይመስለዋል፤ ኦል-ኢን-ዋኑ ደግሞ ካሜራ የተሰካበት ይመስለዋል። የካሜራ ፕሮግራም ወይም ቪኤልሲን ከፍታችሁ ምስሉን ሙሉ ስክሪን ታደርጉታላችሁ፤ በቃ። ዊንዶውስም፣ ሊኑክስም፣ ማክም ላይ ይሠራል፤ ባለ አምስት ኬውን አይማክ ጨምሮ፣ ምስሉ በካርዱ ልክ ቢያንስም። ዘዴው ተንኮል አለበት፤ ስለዚህም እወደዋለሁ።

ግን እዚህም ሒሳብ አለ። ርካሾቹ ካርዶች የሚጠቀሙት ዩኤስቢ 2ን ነው፤ እርሱም ቢበዛ በሴኮንድ 480 ሚሊዮን ቢት ነው። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በ24 ቢት፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ ወደ 3 ቢሊዮን ቢት ይፈልጋል። ስድስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ታዲያ እንዴት አለፈ? ካርዱ እያንዳንዱን ምስል እንደ ፎቶግራፍ ጨምቆ፣ ብዙውን ጊዜም በሴኮንድ 60 ሳይሆን 30 ጊዜ ብቻ ይልካል። መጨመቁ የሚታወቀው በፎቶ ላይ ሳይሆን በፊደል ጠርዝ ላይ ነው፤ በቀይ የተጻፈ ትንሽ ፊደል በዙሪያው ጭጋግ ይኖረዋል። ስለዚህ በካፕቸር ካርድ የሚጠቀም ልጅ ፊደሉን አተልቆ፣ ጥቁር በነጭ አድርጎ ይጻፍ። የዚህን የዓመት መጽሐፍ ገጾች ሲያሰናዱ የነበሩት ተማሪዎች ፎቶዎቹን በዚህ ስክሪን፣ ጽሑፉን በላፕቶፑ አድርገው የሠሩት ለዚህ ነው።

አሁን ስለ አምስተኛው፤ ይህን ወላጆች በጥንቃቄ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ማዘርቦርዱ የተቃጠለ፣ ጨርሶ የማይበራ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። ለእንዲህ ያለው መንገዱ ስክሪኑን ፈትቶ ማውጣት፣ ከጀርባው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር አንብቦ ለዚያ ቁጥር ልክ የሆነ መቆጣጠሪያ ቦርድ መግዛትና እንደ ተራ ሞኒተር ማድረግ ነው። በብዙ አገር ጠጋኞች ይሠሩታል። ለምሳሌ ከ2009 እስከ 2011 በወጡት 27 ኢንች አይማኮች ውስጥ ያለው የኤልጂ ስክሪን ኤልኤም270ደብልዩኪው1 ይባላል፤ በዚህ ቁጥር ተፈልጎ ቦርዱ ይገኛል። የቁጥሩ የመጨረሻ ፊደላት ቢለያዩ እንኳ ማገናኛው ሊለያይ ስለሚችል ሙሉውን መገልበጥ ነው። በእነዚያ ሞዴሎች መስታወቱ በማግኔት የተያዘ ሲሆን ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ግን በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው፤ ሲላቀቅ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል።

አደጋው ግን መስታወቱ አይደለም። ፓወር ሰፕላዩ ነው። እዚህ የምንጠቀመው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። በፊዚክስ እንደተማራችሁት ከፍተኛው ጫፉ 220 በ1.414 ሲባዛ ነው፤ 311 ቮልት። ይህ ኃይል ቀጥ ያለ ሆኖ ትልልቅ ካፓሲተሮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ በብዙዎቹ ውስጥ ከዚያም ከፍ ይላል። ካፓሲተር ሶኬቱ ስለተነቀለ ወዲያው ባዶ አይሆንም። ማድጋ ላይ ውኃ የሚቀዳው ሰው ስለሄደ ማድጋው እንደማይደርቅ ማለት ነው። ተራ ኮምፒውተር ውስጥ ፓወር ሰፕላዩ በብረት ሳጥን ተሸፍኗል፤ ብዙ ኦል-ኢን-ዋን ውስጥ፣ አይማክንም ጨምሮ፣ ቦርዱ ራቁቱን ተቀምጧል። ሽፋኑን ያነሳ እጅ በቀጥታ የሚያገኘው እርሱን ነው። የቆዩት ስክሪኖች ደግሞ በኤልኢዲ ሳይሆን በቀጫጭን የፍሎረሰንት ዘንጎች ነው የሚበሩት፤ እነርሱን የሚያበራው ክፍል በብዙ መቶ ቮልት ይሠራል፣ ዘንጎቹ ውስጥም ሜርኩሪ አለ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ባለ ቀለም ፕላስቲኩ የመጀመሪያው አይማክ፣ የሥዕል ቱቦ ያለው ነው፤ ውስጡ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስለሚይዝ ማንም ቢሆን አይክፈተው።

ስለዚህ ተማሪዎች፦ ኦል-ኢን-ዋን አትከፍቱም። ክፍል ውስጥም፣ ቤትም፣ ታላቅ ወንድም ቢያግዝም። ከመክፈት በፊት ሦስት ሌሎች መንገዶች እያሉ መፍቻ ማንሳት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። የእኛን አምስተኛ ኮምፒውተር አንድ ሙያተኛ ዓይቶት ቦርዱ ተገኝቶ ዋጋው ከአዲስ ሞኒተር ግማሽ በታች ከሆነ እንዲሠራ፣ ካለዚያ ግን ለቁርጥራጭ ብረት ሻጭ ሳይሆን ኤሌክትሮኒክስን በአግባቡ ለሚረከብ እንዲሰጥ ለኮሚቴው ጽፌያለሁ።

ወጪውን በተመለከተ ኮሚቴው የጠየቀውን ልመልስ። በገመድም፣ በዋይፋይም፣ በካፕቸር ካርድም ስንጠቀም አሮጌው ኮምፒውተር ውስጡ እንደበራ ነው፤ ስክሪኑ ብቻ አይደለም ኤሌክትሪክ የሚበላው። አይማኩ 120 ዋት፣ አዲስ ሞኒተር 30 ዋት ይበላሉ ብለን እንያዝ፤ ልዩነቱ 90 ዋት ነው። በቀን 6 ሰዓት፣ በዓመት 200 የትምህርት ቀን ብንጠቀም 1,200 ሰዓት፤ 90 × 1,200 ሲካፈል ለ1,000፣ 108 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ያንን ቢላችሁ ላይ ባለው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አባዙት። በጅቡቲ ቢል ይህ ቀልድ አይደለም። ለሦስት ለአራት ዓመት ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ስክሪን ከሆነ አዲስ መግዛት ሊያዋጣ ይችላል፤ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ከሆነ አሮጌው ያሸንፋል። የእኛ የኮምፒውተር ክፍል ሁለተኛው ዓይነት ነው። በተጨማሪም ሙቀት አለ። የ90 ዋት ልዩነቱ ክፍሉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ በበጋው ወራት ኤሲው ያንን መልሶ ማውጣት አለበት። አይማክ አየር የሚስበው ከግርጌው በኩል ነው፤ ወረቀትና ደብተር አትደግፉበት፣ አቧራውንም በየጊዜው በብሩሽ ጥረጉት።

ኮምፒውተር ለትምህርት ቤቱ ለመስጠት ለምታስቡ ወላጆችና ወዳጆች አንድ ልመና አለኝ። ከመስጠታችሁ በፊት ዲስኩን አጥፉት፤ ፋይል ወደ ቅርጫት መጣል ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት። በስደት አገር የምንኖር ሰዎች የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ፣ ሁሉንም እዚያ ነው የምናስቀምጠው። ያ ሁሉ ከዕቃው ጋር በማያውቁት ሰው እጅ መግባት የለበትም። የማይበራ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ እንደማይበራ ንገሩን። የማይበራ ዕቃ በስጦታ ስም ሲመጣ የማስወገጃው ወጪ አብሮ ይመጣል፤ ይህን መናገር ለሰጪው ክብር መንሳት አይደለም።

ለክፍል ሥራ የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች። የመጀመሪያው፦ የላፕቶፓችን ስክሪን 1366 በ768 ነው። በ24 ቢትና በሴኮንድ 60 ጊዜ ስንት ቢት ይፈልጋል? ሳይጨመቅ በዩኤስቢ 2 ያልፋል? ሁለተኛው፦ ባለ አምስት ኬው ምስል በሴኮንድ 60 ሳይሆን 30 ጊዜ ብቻ ቢላክ በዲስፕሌይፖርት 1.2 ያልፍ ነበር? ካለፈ፣ አይጡን የሚያንቀሳቅስ ሰው ምን ዓይነት ስክሪን ነው የሚያየው? ሦስተኛው ደብተር ሳይሆን ዓይን የሚፈልግ ነው፦ ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ በቤታችሁ ያሉትን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች ሁሉ ቁጠሩ፤ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ፣ ዲሽ፣ ያለው ሁሉ። የትኛው እንደሚያወጣና የትኛው እንደሚቀበል በሰንጠረዥ ጻፉ። ቤታችሁ ኦል-ኢን-ዋን ካለ የሞዴል ስሙን ጨምሩበት፤ ከክረምቱ ዕረፍት መልስ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሰንጠረዦቹን አንድ ላይ እናያቸዋለን።